ቦርዶን የሙጥኝ፦ አለን ዡፔና የፈረንሳይ ድርብ ወንበር

በ2006 የቦርዶ ከተማ ምክር ቤት ራሱን በራሱ አፈረሰ። ጠብ አልነበረም፣ በጀትም አልጎደለም። ከንቲባው ኡግ ማርታንና በዙሪያቸው ያሉት የአብላጫው ወገን አባላት የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገቡት አንድ ሰው ወደ ቀድሞ ወንበሩ እንዲመለስ ሲሉ ነው። ሰውዬው አለን ዡፔ ናቸው፤ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ፍርድ ቤት የቀጣቸው፣ ከካናዳ ገና የተመለሱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምክር ቤትን እንዲህ ማፍረስ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የፈረንሳይ መራጭ ድምፁን የሚሰጠው ለእጩዎች ዝርዝር ነው፤ ከንቲባውን የሚሰይመው ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው ምክር ቤት ነው። አንድ አባል ሲለቅ በዚያው ዝርዝር ላይ ሳይመረጥ የቀረው ተከታይ እጩ ወዲያው ይተካዋል። ሃያ ሰው ቢለቅ ሃያ ሰው ይተካል እንጂ ምርጫ አይጠራም። ምርጫ የሚጠራው ተተኪዎቹም አንድ በአንድ እምቢ ብለው ዝርዝሩ ሲሟጠጥና ምክር ቤቱ ከአባላቱ ሲሶውን ሲያጣ ነው። ያኔ በሦስት ወር ውስጥ ከተማው እንዳለ እንደገና ይመርጣል። ለዚህ ደግሞ በዝርዝሩ ጭራ ላይ ያሉት፣ ስማቸውን ጎረቤት እንኳ የማያውቀው እጩዎች ሳይቀሩ ዲሲፕሊን ሊኖራቸው ይገባል። በቦርዶ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ኦክቶበር 8 ቀን ምርጫው ተካሄደ፤ ዡፔ በመጀመሪያው ዙር 56 በመቶ አግኝተው ተመለሱ።

መደበኛው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ እስከ ማርች 2008 የቀረው አንድ ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም ነበር። ያን ያህል ያስቸኮላቸው የ2007ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ነው። አዲስ ፕሬዚዳንት ሚኒስትሮቹን ሲመርጥ፣ ከፍርድ ቤት ቅጣት የወጣ ሰው በባዶ እጁ ቢቀርብ የሚሰጠው ክብደት ሌላ ነው፤ "ሕዝቤ መልሶ መርጦኛል" ብሎ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ። ለፈረንሳይ ፖለቲከኛ ከተማ ማለት ይህ ነው። ፓሪስ ላይ የወደቀ ሰው የሙጥኝ የሚልበት ደጅ፣ ተመልሶም የሚነሳበት ሰፈር ነው። የዡፔን ያህል ይህንን በግልጽ የሚያሳይ ሕይወት ብዙ የለም።

ከፓሪስ ወደ ቦርዶ

ዡፔ በ1945 የተወለዱት ከቦርዶ በስተደቡብ ባለችው ሞን-ደ-ማርሳን ነው፤ ፖለቲካን የተማሩት ግን ፓሪስ፣ በከንቲባ ዣክ ሺራክ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው። ከ1983 እስከ 1995 የፓሪስ ምክትል ከንቲባ ሆነው የከተማዋን ገንዘብ ይዘዋል፤ ከ1986 እስከ 1988 የበጀት ሚኒስትር ነበሩ፤ ከ1988 ጀምሮ የሺራክ የቀኝ ክንፍ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ ከ1993 እስከ 1995 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። ለፓርላማም የተመረጡት ከፓሪስ 18ኛ ወረዳ ነው። የከተማውን ካዝናና የፓርቲውን ጽሕፈት ቤት በአንድ ጊዜ መያዛቸውን ልብ ይሏል፤ በኋላ የፈነዳው ጉዳይ እዚያ ላይ ነው የተቀበረው።

ቦርዶ በበኩሏ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የተዘጋጀች ከተማ ነበረች። ዣክ ሻባን-ዴልማ ከ1947 እስከ 1995 ድረስ ለ48 ዓመት ከንቲባዋ ሆነው ሲቆዩ፣ በመካከሉ ከ1969 እስከ 1972 ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበሩ። ቦርዶዎች ከንቲባቸውን በፓሪስ ዜና ውስጥ ማየት ለምደዋል።

ሺራክ ሜይ 17 ቀን 1995 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያው ቀን ዡፔን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። ዡፔ ደግሞ በጁን ለቦርዶ ማዘጋጃ ቤት ተወዳደሩና በመጀመሪያው ዙር 50.28 በመቶ አግኝተው አለፉ። ግማሹን ያለፉት ለጥቂት ነው። እንዲያም ሆኖ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የቦርዶ ከንቲባ፣ የቦርዶና የዙሪያዋ ከተሞች ማኅበር ሊቀ መንበርና የገዢው ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆነ። ከነዚህ ውስጥ አንዱም ሕግ አልጣሰም።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ የወደቁበት፣ ግን ሥራቸው የቀረበት

ኖቬምበር 15 ቀን 1995 ዡፔ በስማቸው የሚጠራውን ዕቅድ ለብሔራዊ ምክር ቤቱ አቀረቡ። ዕቅዱ ሁለት ሥራዎችን አንድ ላይ ያሰረ ነበር። አንደኛው የማኅበራዊ ዋስትናውን (ሕክምና፣ ጡረታ፣ የቤተሰብ ድጎማ) ገንዘብ መቆጣጠር ነው። ሁለተኛው የመንግሥት ሠራተኞችንና እንደ ባቡር ድርጅት ያሉትን ልዩ ጡረታዎች መንካት ነው፤ ሙሉ ጡረታ ለማግኘት የሚያስፈልገው 37 ዓመት ተኩል መዋጮ ወደ 40 ከፍ ይበል የሚል። የግል ድርጅት ሠራተኛው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1993፣ ይኸው 40 ዓመት ተጭኖበታል። በወረቀት ላይ ሲታይ የእኩልነት ጥያቄ ነው።

የተበላሸው አቀራረቡ ነው። ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር በቂ ድርድር አልነበረም፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ለባቡር ድርጅቱ የሚዘጉ መስመሮችን የሚያስፈራ ሌላ ውል በጠረጴዛ ላይ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ የባቡር ሠራተኛው ጡረታዬም ሥራዬም ሊወሰድብኝ ነው አለ። ከኖቬምበር 24 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ባቡርና ሜትሮ ቆመ፤ ፓሪስ በእግርና በብስክሌት ትሄድ ጀመር። በዲሴምበር አጋማሽ ዡፔ የጡረታውን ክፍል አንስተው ሌላውን አተረፉ።

"ዡፔ በአድማ ተሸነፉ" ሲባል የሚረሳው ይህ የተረፈው ክፍል ነው። በፌብሩዋሪ 1996 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ፓርላማው በየዓመቱ የማኅበራዊ ዋስትና የገንዘብ ሕግ እንዲያወጣ ተደረገ፤ ከዚያ በፊት ያን ሁሉ ገንዘብ ፓርላማው ድምፅ አይሰጥበትም ነበር። በዚያው ወር ከገቢ ላይ 0.5 በመቶ የሚቆረጥ የዕዳ መክፈያ ግብር ተጀመረ። ለ13 ዓመት ብቻ ነው ተብሎ ነበር፤ ዛሬም ይቆረጣል፤ የአሁኑ ማብቂያው 2033 ነው። የ2023ቱ የጡረታ መውጫ ዕድሜን ወደ 64 ዓመት የሚያደርሰው ማሻሻያ የተጫነው በዚያ የገንዘብ ሕግ ጀርባ ላይ ነው። በዲሴምበር 2025 ያው ማሻሻያ እንዲታገድ የተደረገውም በዚያው ዓይነት ሕግ ነው። ጫኙም አውራጁም በዡፔ መንገድ ሄዷል።

ኤፕሪል 21 ቀን 1997 ሺራክ ብሔራዊ ምክር ቤቱን በተኑ፤ ስሌቱ ከሸፈና ሶሻሊስቶቹ አሸነፉ። በጁን መጀመሪያ ዡፔ ማቲኞ ከተባለው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤተ መንግሥት ወጡ። በዚያ ሰሞን በአገሪቱ እጅግ ከተጠሉት ፖለቲከኞች አንዱ ነበሩ። ቦርዶ ግን ሥራ ነበራቸው።

ሐዲድ፣ ድንጋይና ሁለት ሳንቲ ሜትር ውኃ

ቦርዶ የድሮ ትራሟን በ1958 ነቅላ ጥላለች። ሻባን-ዴልማ በመጨረሻ ዘመናቸው ሾፌር የሌለው የምድር ውስጥ ባቡር ሊያሠሩ ሞክረው፣ ውድነቱና የጋሮን ወንዝ ዳርቻ ውኃ አዘል አፈር ተደምረው በ1994 ዕቅዱ ወደቀ። ዡፔ ወደ ትራም ተመለሱ። መስመር ሀ በዲሴምበር 2003፣ ሌሎቹ ሁለቱ በ2004 ተከፈቱ።

በአዲስ አበባው ቀላል ባቡር እንደሚታየው የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ መዘርጋት በታሪካዊው የቦርዶ መሐል አልተፈለገም፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃዎች ፊት በሽቦ እንዲጠለፍ የሚፈቅድ አልነበረም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በተቀበረ ሦስተኛ ሐዲድ እንዲመጣ ተደረገ። ይህ ሐዲድ ተከፋፍሎ የተሠራ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው እያንዳንዱ ክፍል 8 ሜትር፣ በመካከሉ ያለው የማያስተላልፍ ክፍል 3 ሜትር ነው። 750 ቮልት የሚለቀቀው ትራሙ በላዩ ሲሆን ብቻ ነው፤ ትራሙ ሲያልፍ ይጠፋል። ሕፃን ቢረግጠው አደጋ የለውም። ማብራት ማጥፋቱን የሚሠሩት ግን ከመንገዱ ሥር በተቀበሩ ሣጥኖች ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ናቸው፤ ቦርዶ ደግሞ ዝናብ ይወዳታል። ውኃ ወደ ሣጥኖቹ እየሰረገ ክፍሎቹን ያጠፋቸዋል፤ ትራሙ ኤሌክትሪክ በሌለበት ክፍል ላይ ይቆማል፤ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይሰለፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚህ ብልሽት የተሞሉ ነበሩ። ሣጥኖቹን በማሸግና በመለወጥ ቀስ በቀስ ተስተካከለ፤ አሠራሩም ከቦርዶ ወጥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ።

"ትራሙን ሚኒስትሩ ከፓሪስ አመጡት" የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሥራውን የሠራው የቦርዶ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን በዚያን ጊዜ 27 ከተሞችን ያቀፈው የዙሪያው ማኅበር ነው፤ ከገንዘቡም ዋናው ምንጭ ቀጣሪዎች በሚከፍሉት ደመወዝ ልክ የሚጣልባቸው የትራንስፖርት ግብር ነው (ዛሬ 11 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ይከፍላል)። በማኅበሩ ውስጥ ብዙዎቹ የዳርቻ ከተሞች በግራ ክንፍ እጅ ነበሩ። በቦርዶ የቆየ ልማድ አለ፤ ቀኙም ግራውም የምክትልነት ወንበሮችን ይካፈላል፣ ማንም ማንንም አያግድም። መስመር ሀ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሴኖን፣ ሎርሞንና ፍሏራክ፣ ማለትም ወደ ግራ ክንፍ ደሃ ሰፈሮች መዝለቁ የመሐንዲስ ውሳኔ ብቻ አይደለም። ፓሪስ ላይ ከማንም ጋር መደራደር አቃታቸው የተባሉት ሰው ቦርዶ ላይ በየሳምንቱ ይደራደሩ ነበር። ቤቱ ነው የለየው፤ እዚያ ያለ ተቃዋሚ ድምፅ ካልተጨመረ ሐዲድ አይነጠፍም።

ሌላው ከተማዋን ማጠብ ነው። የቦርዶ ቢጫ ድንጋይ በከሰል ጭስና በመኪና ጠቁሮ ነበር፤ የሕንፃ ባለቤቶች ፊቱን በየጊዜው እንዲያጸዱ የሚያስገድደው ሕግ በየሰፈሩ ዘመቻ በሥራ ላይ ዋለ። የወንዙ ዳርቻ ከከተማው ተነጥሎ የቀድሞ የወደብ መጋዘንና አጥር የተደረደረበት ነበር። አጥሩ ተነሣ፣ በአትክልት ንድፍ ባለሙያው ሚሼል ኮራዡ ንድፍ ሕዝብ የሚንሸራሸርበት ሆነ። በቡርስ አደባባይ ፊት ለፊት በ2006 የተከፈተው የውኃ መስተዋት 3,450 ካሬ ሜትር ጥቁር ድንጋይ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ውኃ ብቻ የሚተኛበት ነው፤ ውኃው ይመጣል፣ ሕንፃውን ገልብጦ ያሳያል፣ ይሄዳል፣ ጉም ይተፋል። በበጋ ልጆች ይንከባለሉበታል። በ2007 ዩኔስኮ 1,810 ሄክታር የሚሆነውን የከተማውን ክፍል በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በጁላይ 2017 ፈጣኑ ባቡር ፓሪስን ከቦርዶ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ሲያገናኝ፣ የቤት ዋጋ ከነዋሪው አቅም ሸሸ። በዚያ ዓመት ፓሪሳውያን ወደመጡበት እንዲመለሱ የሚሉ ተለጣፊ ወረቀቶች በየግድግዳው ታዩ። የከተማዋ መዋብ ዋጋ ነበረው።

ፍርዱ

ጃንዋሪ 30 ቀን 2004 የናንቴር ፍርድ ቤት ዡፔን ጥፋተኛ አላቸው። ነገሩ የፓሪስ ዘመናቸው ነው፦ ለሺራክ ፓርቲ የሚሠሩ ሰዎች ደመወዛቸውን ከፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ይቀበሉ ነበር። ቅጣቱ 18 ወር በገደብ የታለፈ እስራት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በነበረው የምርጫ ሕግ ፍርዱ በራሱ የ10 ዓመት የመመረጥ እገዳ ያስከትል ነበር። በዲሴምበር 1 የቬርሳይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እስራቱን ወደ 14 ወር፣ እገዳውን ወደ አንድ ዓመት ዝቅ አደረገው። ሺራክ ራሳቸው በዚያ የማዘጋጃ ቤት ደመወዝ ጉዳይ የተፈረደባቸው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ በዲሴምበር 2011 ነው፤ በሥልጣን ሳሉ የፕሬዚዳንትነት ከለላ ነበራቸው።

ዡፔ ወንበሮቻቸውን ለቅቀው ወደ ሞንትሪያል ሄዱ፤ እዚያ በሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤት አስተማሩ። ቦርዶን አደራ የተቀበሉት ማርታን ነበሩ፤ አደራቸውንም በ2006፣ ቀደም ብለን ባየነው መንገድ መለሱ።

የማርች 31 ቀን 2025ቱ የቀኝ አክራሪዋ ፖለቲከኛ የማሪን ለ ፔን ፍርድ የመመረጥ እገዳን እንደገና የአገሩ መነጋገሪያ ሲያደርገው የዡፔ ስም ተደጋግሞ የተነሣው በከንቱ አይደለም። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ዡፔ ይግባኝ ሲሉ እገዳው እስኪወሰን ተንጠልጥሎ ቆይቷል፤ በለ ፔን ላይ የተጣለው የአምስት ዓመት እገዳ ይግባኝ ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲፈጸም ታዟል።

ሕጉ የቆጠረውና ያልቆጠረው

ከ2006 በኋላም መውደቅና መነሣቱ አልቆመም። በሜይ 2007 በመንግሥት ውስጥ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለውን የሥነ ምህዳር ሚኒስቴር ያዙ፤ በጁን ለፓርላማ ተወዳድረው በሶሻሊስቷ ሚሼል ደሎኔ ለጥቂት ተሸነፉ። ተወዳድሮ የተሸነፈ ሚኒስትር ይለቃል ተብሎ ስለነበር በአንድ ወራቸው ወጡ። የከንቲባው ወንበር ግን ነበረ፤ በማርች 2008 በመጀመሪያው ዙር ከ56 በመቶ በላይ አገኙ። ከኖቬምበር 2010 የመከላከያ፣ ከፌብሩዋሪ 2011 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑም ከንቲባነታቸውን አልለቀቁም።

ይህንን ልማድ ለመቁረጥ በፌብሩዋሪ 2014 ሕግ ወጣ፤ በሥራ ላይ የዋለው ከ2017 ነው። የፓርላማ አባል ከንቲባ፣ ምክትል ከንቲባ ወይም የከተሞች ማኅበር፣ የዲፓርትማና የክልል መሪ መሆን አይችልም። ተራ የከተማ ምክር ቤት አባል መሆን ግን ይችላል። ሕጉ የቆጠረው የፓርላማ ወንበር ነው እንጂ ሚኒስትርን አልነካም። ሚኒስትር ከንቲባ እንዳይሆን የሚለው በ1997 ሊዮኔል ዦስፓን ያመጡት ልማድ ብቻ ነው፤ ልማድ ደግሞ ሰው ሲፈልግ ይከበራል፣ ሳይፈልግ ይቀራል።

ሳይፈልጉ ከቀሩት አንዱ ፍራንስዋ ባይሩ ናቸው። ዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በማግሥቱ ቺዶ የተባለው ማዕበል የፈረንሳይ ግዛት የሆነችውን የማዮትን ደሴት አወደመ። ሰኞ ዲሴምበር 16 ባይሩ በመንግሥት አውሮፕላን ከንቲባ ወደሆኑባት ፖ በረው የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ መሩ፤ ስለ ማዮት በተደረገው የቀውስ ስብሰባ ላይ የተገኙት በቪዲዮ ነው። ቁጣው ሲነሣ እሳቸው የመለሱት ሁለቱን ሥልጣን መለየቱ ስሕተት ነበር በማለት ነው። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025፣ በ364 ለ194 ድምፅ የብሔራዊ ምክር ቤቱን አመኔታ ሲያጡ ማቲኞን ለቀቁ፤ የፖ ወንበራቸው ግን ይጠብቃቸው ነበር።

"ከንቲባ ያልሆነ የፓርላማ አባል መሬት አያውቅም" የሚለው ክርክር ሚዛን አይደፋም፤ በከተማ ምክር ቤት አባልነት ሰፈሩን ማወቅ ይችላልና። የሁለቱን ደመወዝ ለማግበስበስ ነው የሚለውም ደካማ ነው፤ ድምሩ ከፓርላማ መነሻ ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ እንዳያልፍ ቀድሞውኑ ተገድቧል። እውነተኛው ጥያቄ ከተማውን ማን ያስተዳድራል የሚለው ነው። ፓሪስ በተዋለ ቁጥር የሚፈርመው ምክትሉ ነው፤ መራጩ ግን ምክትሉን አያውቀውም።

የዝርዝር ምርጫው ደግሞ ይህንን ያከፋዋል። ያሸነፈው ዝርዝር ከወንበሮቹ ግማሹን በሽልማት ይወስዳል፤ የቀረው ግማሽ ከ5 በመቶ በላይ ላገኙት በየድርሻቸው ይከፈላል፣ አሸናፊውንም ጨምሮ። በ2014 ዡፔ 60.94 በመቶ አግኝተው ከ61 ወንበሮች 52ቱን ወሰዱ። ሶሻሊስቶቹ 7፣ የቀኝ አክራሪዎቹ ፓርቲ ብሔራዊ ግንባር 2 ቀራቸው። እንዲህ ያለ ምክር ቤት የጠፋ ከንቲባን "የት ነበሩ?" ብሎ የሚያፋጥጥ አይደለም።

ዡፔ በ2016 ለፕሬዚዳንትነት በቀኝ ክንፉ ቅድመ ምርጫ ወጡ። ለሁለት ዓመት በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ይመሩ ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ፍራንስዋ ፊዮን 66.5 በመቶ ይዘው አሸነፏቸው። የፊዮን ዘመቻ በባለቤታቸው ደመወዝ ጉዳይ ሲንኮታኮት ብዙዎች ወደ ዡፔ ዞሩ፤ ማርች 6 ቀን 2017 ከቦርዶ ሆነው አልወዳደርም፣ ጊዜው አልፏል አሉ። በፌብሩዋሪ 2019 ለሕገ መንግሥት ምክር ቤት አባልነት ታጩ። የዚያ ቤት አባል ለዘጠኝ ዓመት ይቀመጣል፣ ሌላ ምንም ዓይነት የምርጫ ወንበር መያዝም አይችልም። የስንብት መግለጫቸውን ሲሰጡ እንባ ተናነቃቸው።

ወንበሩን ለኒኮላ ፍሎሪያን ተዉት። ማርታን አደራ ጠባቂ ነበሩ፣ ፍሎሪያን ግን ወራሽ፤ መራጭ ደግሞ ውርስ አይወድም። ጁን 28 ቀን 2020 የአረንጓዴው ፓርቲ እጩ ፒየር ኡርሚክ 46.48 በመቶ፣ ፍሎሪያን 44.12 በመቶ አገኙ፤ ቦርዶ ከ73 ዓመት በኋላ ከቀኝ ክንፉ እጅ ወጣች።

በዚያው ምሽት በወደብ ከተማዋ ለ ሀቭር ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋር ፊሊፕ 58.8 በመቶ አግኝተው ለማዘጋጃ ቤቱ አለፉ። ፊሊፕ የዡፔ የፖለቲካ ልጅ ናቸው ቢባል አያሳፍርም፤ ከ2002 በዡፔ ፓርቲ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ በ2016 ቃል አቀባያቸው ነበሩ። በ2017 ማቲኞ ሲገቡ እንደ ዦስፓን ልማድ ከንቲባነቱን ለቅቀው ለሌላ ሰው በአደራ ሰጥተዋል። ጁላይ 3 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ወጡ፤ ጁላይ 5 የለ ሀቭር ከንቲባ ሆኑ፤ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ከዚያው ወንበር ሆነው ለቀጣዩ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እወዳደራለሁ አሉ።